ሩኒ ደርቢን አወረደ ለምትሉ

"ሩኒ ለአሰልጣኝነት አልተፈጠረም" የሚል አስተያየት በየግሩፑ አነባለሁ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አላጡም። እኔ ግን አንድ የውድድር ዘመን ለብቻው እንዲታይለት እፈልጋለሁ፤ ደርቢ ካውንቲ ወደ ሊግ ዋን የወረደበትን።

የተጫዋችነቱን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ስለምታውቁት አላስረዝምም። ገና በ16 ዓመቱ በኤቨርተን ማሊያ አርሰናል ላይ ያስቆጠራት ግብ የመድፈኞቹን የ30 ጨዋታ ያለመሸነፍ ጉዞ ቋጨች። ለማንችስተር ዩናይትድ 253 ግብ አግብቶ የሰር ቦቢ ቻርልተንን 249 አለፈ። ለእንግሊዝ ያስቆጠራቸው 53 ግቦችም ሃሪ ኬን እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪበልጠው ድረስ የአገሪቱ ክብረ ወሰን ነበሩ።

ደርቢ የገባው በ2020 መጀመሪያ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ነው። ከዓመት በኋላ ጫማውን ሰቅሎ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በሴፕቴምበር 2021 ግን ክለቡ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆነና በኪሳራ ሕግ መሠረት በውጭ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ለዚህ 12 ነጥብ ተቀነሰበት። በኖቬምበር ደግሞ በሂሳብ አያያዝ ጥሰት ሌላ 9 ተጨመረ። ያን ቀን ደርቢ ከዜሮ በታች 3 ነጥብ ላይ ነበር! ተጫዋች በገንዘብ መግዛት ተከልክሏል፤ በጃንዋሪ የ39 ዓመቱን ተከላካይ ፊል ጃጊልካን ውል እንኳ ማራዘም ስላልቻሉ ሰውዬው ወደ ስቶክ ሄደ።

ሩኒ በአካዳሚ ልጆችና በጥቂት አንጋፋዎች ቀጠለ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2022 ከበርሚንግሃም ጋር ያደረጉትን ጨዋታ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ደርቢ 2 ለ 0 እየተመራ ነው። በ87ኛው ደቂቃ የ19 ዓመቱ ሉክ ፕላንጅ አንዱን መለሰ። ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከረጅም የጉልበት ጉዳት በዚያው ዕለት የተመለሰው ክርስቲያን ቢየሊክ በመቀስ ምት አቻ አደረጋቸው። ሩኒ ራሱ በ2011 ሲቲ ላይ ያገባትን ያላስታወሰ ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ኤቨርተን ለአሰልጣኝነት ሊያነጋግረው ጠይቆ ነበር። ያሳደገው ክለብ፣ የልጅነት ፍቅሩ፣ ያውም ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ያለ። አልሄደም። ደሞዝና ተስፋ በተምታታበት ክለብ ከልጆቹ ጋር ቀረ። ለዚህ ውሳኔው ያለኝ አክብሮት ለግቦቹ ካለኝ አያንስም።

በኤፕሪል ደርቢ ወረደ። ሜዳ ላይ የሰበሰበው 55 ነጥብ ነበር፤ ከቅጣቱ በኋላ የቀረለት 34 ነው። ከወራጅ ቀጠናው በላይ የተረፈው ሬዲንግ 41 ነበረው። ቅጣቱ ባይኖር ደርቢ ተዝናንቶ ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ዩናይትድን ይዞ ጥሎ ማለፍ አልደረሰም። በርሚንግሃምን በኦክቶበር 2023 ሲረከብ 6ኛ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ በ15 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፎ ሲሰናበት 20ኛ። ከእሱ በፊት በነበረው አሰልጣኝ በጆን ዩስታስ አጨዋወት የተገነባን ቡድን በውድድር ዘመኑ መሃል ሌላ ኳስ እንዲጫወት ማስገደድ ከባድ ስህተት ነበር። የቦርዱም የእሱም ጥፋት ነው። ፕሊማውዝ ላይ ግን ሙሉ የዝግጅት ጊዜ አግኝቶ በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ቡድኑን ከሰንጠረዡ ግርጌ ትቶ ወጣ። ለዚህ ሰበብ አልደረድርለትም።

በእኔ እይታ ሩኒ የሚያውቃቸውንና የሚያምኑትን ልጆች በችግር ጊዜ አቆራኝቶ መምራት ይችላል፤ አዲስ ቡድን ከባዶ ቀርጾ አጨዋወት መስጠት ግን ገና አላሳየንም። ስለዚህ በርሚንግሃምንና ፕሊማውዝን ቁጠሩበት፤ የደርቢ ባለቤቶች ያስቀጡትን 21 ነጥብ ግን በእሱ ስም አትጻፉ።