የአሠራር ሂደት ጥናትና የእርዳታ ሥራ

በድርቅ ዘመን የጊዜ ዋጋ ከእህል ዋጋ አያንስም። አንድ ወረዳ የእርዳታ ጥያቄ ካቀረበበት ቀን አንሥቶ እህሉ ከተረጂው እጅ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛና በፊርማ ብዛት ጭምር የሚለካ ነው። ስለሆነም የአሠራር ሂደትን በንድፍ አስቀምጦ የማጥናትና የማሻሻል ሙያ፣ አነሣሡ ከፋብሪካና ከንግድ ድርጅት ቢሆንም፣ ለእርዳታ ሠራተኛም አስፈላጊ ሥልጠና ሆኖ ይገኛል።

የሙያው መሠረት የቆየ ነው። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬት የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1921 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረቡት ጥናት፣ ሥራ ከመሻሻሉ አስቀድሞ ደረጃ በደረጃ በምልክት ተስሎ መታየት እንደሚገባው አስረዱ። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1947 አምስት ምልክቶችን ደነገገ፤ እነርሱም ክንውን፣ ማጓጓዝ፣ ቁጥጥር፣ መዘግየትና ማከማቸት ናቸው። መዘግየት የራሱ ምልክት እንዲኖረው መደረጉ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምንም ሳይሠራ የሚያልፍ ጊዜ ካልተመዘገበ አይታይምና። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ቢ.ፒ.ኤም.ኤን. የተባለው የምልክት ሥርዓት፣ ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱን ረድፍ ይሰጣል። በዚህም ጉዳዩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ቦታ በግልጽ ይለያል።

አሠራርን ለማሻሻል ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ነባሩን አሠራር ከመጠጋገን ይልቅ እንደ አዲስ መንደፍን ይመክራል፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም ቢ.ፒ.አር. በሚል ስም ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ከጃፓን የመጣው ካይዘን ነው፤ ሠራተኛው ራሱ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚያሻሽልበት ዘዴ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። ሁለቱም ግን የሚነሡት ያለውን አሠራር በትክክል ከማወቅ ነው።

ሠልጣኙ በቅድሚያ ሥራውን መመሪያው እንደሚለው ሳይሆን በእርግጥ እንደሚሠራው መሳል ይኖርበታል። ለዚህም ከአንድ የእርዳታ ጥያቄ ደብዳቤ ጋር ከመዝገብ ቤት እስከ መጋዘን መጓዝ፣ መዝገብ ያዡን፣ ጸሐፊዋን፣ የመጋዘን ኃላፊውንና ሾፌሩን መጠየቅ ያስፈልገዋል። ቀጥሎም ሥራው የፈጀውንና ጉዳዩ የቆየበትን ጊዜ ለየብቻ ይመዘግባል። ለምሳሌ አንድ ጥያቄ በሰባት ጠረጴዛዎች ቢያልፍ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ቀን ቆይቶ ግማሽ ሰዓት ቢሠራበት፣ ከሃያ አንዱ ቀን ውስጥ የተሠራበት ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሠራተኛው በእጥፍ ቢፈጥን የሚተርፈው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ሲሆን፣ የጥያቄው ግልባጭ ለሦስቱ ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ ቢደርስ ግን ስድስት ቀን ይተርፋል። እጥረቱ የትጋት ሳይሆን የቅደም ተከተል መሆኑን ንድፉ ያሳያል።

ከዚያም በየደረጃው ሊቀር፣ ሊጣመር፣ ጎን ለጎን ሊሠራ ወይም አስቀድሞ ሊጠናቀቅ የሚችለው ይመረመራል። ሆኖም እህል እንዳይባክን የሚጠብቅ ፊርማ ከልማድ ፊርማ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። ቁጥጥርን ከማዘግየት ጋር አንድ አድርጎ መሰረዝ ለተረጂው የታሰበውን ለሌላ ማሳለፍ ይሆናል።

የቅደም ተከተል ለውጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው የመጠባበቂያ የምግብ ክምችት ያስረዳል። በተለመደው አሠራር ለጋሹ ቃል ከገባ በኋላ መርከቡ እስኪደርስ ይጠበቅ ነበር። በክምችቱ አሠራር ግን ቃሉን መተማመኛ በማድረግ እህል በብድር ይወጣል፤ መርከቡ ሲደርስም ይተካል። መርከቡ በፍጥነት አልተጓዘም፤ ጥበቃው ከተራበው ሰው ወደ መጋዘኑ ተዛወረ እንጂ። ስለዚህም የመተካቱ ደረጃ ከንድፉ መጉደል የለበትም፤ የተበደረው ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ድርቅ የሚገኘው ባዶ መጋዘን ነውና።

በሰፈራም ረገድ ሁሉም ሥራ ጎን ለጎን ሊሠራ አይችልም። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሲዛወር፣ ብዙዎቹ ወባን ወደማያውቁበት ቆላ የገቡ ደገኞች ነበሩ። ፈቃደኝነት ሳይረጋገጥ፣ ውኃና ሕክምና ሳይዘጋጅ ሰው እንዳይጫን የሚከለክል ምልክት በንድፉ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

ንድፍ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጥሪ ቢያቀርብም፣ ዓለም በስፋት የተንቀሳቀሰው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የረሀቡ ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለውን መዘግየት የመዝገብ ቤት ማሻሻያ አያስወግደውም። ሆኖም በንድፉ ላይ ቀኑ ተቆጥሮ ሲሰፍር፣ ጉዳዩ በማን እጅ እንደቆየ ለመጠየቅ ያስችላል። በመሆኑም የሥልጠናው ውጤት በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ በጥያቄውና በእህሉ መድረስ መካከል በተቀነሰው የቀን ቁጥር ሊመዘን ይገባዋል።