ቀረጡ ሲነሣ የሚደነግጠው ማን ነው?

ስሜን አትጠይቁኝ። ሥራዬ የጉምሩክ አስተላላፊነት ነው፤ በእኛ መንደር ቋንቋ ትራንዚተር። ሃያ ዓመት ያህል ዲክላራሲዮን ስሞላ፣ ፋይል ይዤ ከመስኮት መስኮት ስንከራተት፣ ሹም ስለማመጥ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ አፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና በተጠራ ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር ይዤ ነበር። መድረክ የወጣው ሁሉ ታሪፍ ይላል። ዜሮ ታሪፍ፣ የአምስት ዓመት ታሪፍ፣ የአሥር ዓመት ታሪፍ። አጠገቤ የተቀመጠው የሙያ ጓደኛዬ የሞያሌ መስመር ሰው ነው፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ሰዎች የጉምሩኩ መስኮት ጋ ያለውን ልጅ ያውቁታል?» አለኝ። ሻይ ዕረፍት እስኪደርስ ሳቃችንን ዋጥን።

የምነግራችሁ ስለዚያ መስኮት ጋ ስላለው ልጅ ነው።

የንግድ ቀጣናውን ስምምነት ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ 44 አገሮች ፈርመውታል፤ የእኛ ፓርላማ በ2011 ዓ.ም. አጽድቆታል፤ ንግዱም በወረቀት ደረጃ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ተከፍቷል። አካሄዱ ሲነገር ቀላል ነው፤ 90 በመቶ የሚሆነው የዕቃ ዓይነት ቀረጡ ቀስ በቀስ ይነሣለታል፣ 7 በመቶው «ስሱ» ተብሎ ይቆያል፣ 3 በመቶው ከነጭራሹ አይነካም። ይቺ 3 በመቶ ግን ተንኮል አለባት። የሚቆጠረው የዕቃው ዓይነት ነው፤ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ጎረቤትህ የሚሸጥልህ አምስት ስድስት ዓይነት ዕቃ ብቻ ከሆነ አምስቱንም ስድስቱንም እዚያ ውስጥ ሸጉጠህ በሩን መዝጋት ትችላለህ። ተደራዳሪዎች ይህን ስላወቁ የተገለሉት ዕቃዎች ዋጋ ከአፍሪካ ከሚገባው ዕቃ 10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ማሰሪያ አበጁ። ማሰሪያው የሚለካው ግን በጠቅላላው ነው። አንዱ ጎረቤት ብቻ ደጅ ቢቀር ሒሳቡ አይናጋም።

ይሄ የላይኛው ቤት ጨዋታ ነው። እኔ የምውለው ታች ነውና የማውቀውን ላውራ።

ኮሜሳን፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካን የጋራ ገበያ፣ ውሰዱ። ከተመሠረተ ጀምሮ አባል ነን። እ.ኤ.አ. በ2000 ዘጠኝ አባል አገሮች በመካከላቸው ቀረጥ አንሥተው ነጻ የንግድ ቀጣና ሲያቋቁሙ ጂቡቲም፣ ኬንያም፣ ሱዳንም ገቡ፤ እኛ ውጭ ቀረን። ለዓመታት ለኮሜሳ ዕቃ የሰጠነው የ10 በመቶ ቅናሽ ነው። አዲስ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። ከ20 በመቶ ቀረጥ ላይ 10 ተቀንሶ 10 የሚቀር ይመስለዋል። እኔም ቁጭ አድርጌ አስረዳዋለሁ፤ ቅናሹ የቀረጡ አንድ አሥረኛ ነው፣ 20 የነበረው 18 ይሆናል። የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ላይ 200,000 ብር ትከፍል የነበረው 180,000 ትከፍላለህ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ሱር ታክሱ፣ ኤክሳይዝ ካለበትም ኤክሳይዙ እንዳሉ ናቸው። ዓይኑ ይፈዛል።

ለዚያች 20,000 ብር ደግሞ የሥሪት አገር ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ዕቃው በእርግጥ የዚያ አገር ምርት ነው፣ ለምሳሌ ቢያንስ 35 በመቶ እሴት እዚያ ተጨምሮበታል የሚል ወረቀት። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ሞምባሳ ላይ ካርቶን ብቻ ቀይሮ «የኬንያ ነኝ» እንዳይል ነው የወጣው። ችግሩ ያለው ወረቀቱን በመቀበል ላይ ነው። ሰርተፊኬቱን የሚፈርመው የላኪው አገር ሹም የፊርማውና የማኅተሙ ናሙና አስቀድሞ ለተቀባዩ አገር ይላካል። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ናሙናውን አውጥቶ ያመሳስላል። ሹሙ ከተዛወረ፣ ጡረታ ከወጣ፣ ማኅተሙ ከተቀየረ፣ አዲሱ ናሙና ካልደረሰ፣ አለቀ!

ደርሶብኛል። የየትኛው አገር ዕቃ እንደሆነና የት እንደሆነ አልናገርም። የደንበኛዬ ዕቃ ገብቷል፣ ሰርተፊኬቱ ኦሪጅናል ነው፣ ፊርማው «አልተመሳሰለም» ተባለ። ስንደውል የቀድሞው ፈራሚ ከተዛወረ ወራት አልፎታል። የአዲሱ ናሙና ተልኳል ይላሉ፤ እዚህ አልደረሰም ይባላል። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራኛል። በዘጠነኛው ቀን ደንበኛዬ «ተወው፣ ሙሉውን ልክፈል» አለኝ። የመጋዘኑ ኪራይና የቆመው መኪና ሒሳብ ሲደመር ከቅናሹ በልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ኮሜሳ የሚል ቃል ሲሰማ ይስቃል፤ ሰርተፊኬትም ጠይቆ አያውቅም። እንደ እሱ ያሉትን በጣቶቼ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ወደ ጉቦ ይሮጣል። «ልጁ እጁን እስኪያረጥቡለት ነው» ይላል። አንዳንዱ ጋ ይኖራል፣ አልክድም። ዘጠኝ ቀን ያስቆመኝ ልጅ ግን ሻይ እንኳን ጋብዤው እምቢ ያለኝ ጨዋ ልጅ ነበር። የገባኝ ቆይቶ ነው። ማታ ሥራ ጨርሶ ሲወጣ አገኘሁትና ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። የነገረኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ቅናሹን ፈቅዶ ወረቀቱ ችግር ቢገኝበት፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ኦዲት ስሙን ያነሣል፤ መንግሥት ያጣው ገቢ በእሱ ላይ ይጻፋል። ቅናሹን ከልክሎ ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ቢገኝስ? ማንም አይጠይቀውም። በዚያ ላይ በየወሩ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥ አለ፤ ቅርንጫፉ ስንት ብር ሊሰበስብ አቅዶ ስንቱን አሳካ የሚል። ሰኔ 30 ሲመጣ አለቃው የሚጠየቀው በዚያ ነው። በቅናሽ ያለፈው ዕቃ ብዛት የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

አያችሁ ነገሩን? አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ቀረጥ ላነሣ ብሎ ይፈርማል፤ በሌላ እጁ ቀረጥ በመሰብሰብ የሚመዘን ሠራተኛ ኬላው ላይ ያቆማል። ልጁ የሚሰማው የትኛውን ይመስላችኋል? የሚሰማው ደመወዙንና እድገቱን የሚወስነውን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ከበጀቱ ደህና ድርሻ በኬላ ቀረጥ የሚሞላ አገር ሁሉ በሽታው አለበት። ድርድር ቤት የገባ ወዳጄ እንደሚለኝ፣ ከንግድ በኩል የመጣው ልዑክ ሲናገር ከገንዘብ በኩል የመጣው ዝም ብሎ ማስታወሻ ይይዛል። ስብሰባው ሲያልቅ «ጎደሎውን ከየት እንሞላዋለን?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልስ ሳይገኝለት ይፈረማል፤ መልሱን የሚሰጠው በኋላ ኬላው ነው፣ በማዘግየት።

መድኃኒቱ በሩቅ የለም። ምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የሚባሉት ጎረቤቶቻችን እ.ኤ.አ. በ2014 የጋራ የጉምሩክ ክልል አሠራር ሲጀምሩ አንዲት ነገር አደረጉ፤ የኡጋንዳ ቀረጥ ዕቃው ገና ሞምባሳ ወደብ ሳለ ይከፈል አሉ። የኡጋንዳ ጉምሩክ ሠራተኞች ሞምባሳ ገብተው ተቀመጡ። ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ መንገድ ላይ ያለው ኬላ የሚያሳድደው ነገር የለውም፤ ዕቅዱ ተሟልቷል። ከሞምባሳ ካምፓላ 18 ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 4 ቀን ወረደ። ብዙ ሰው ይህን የቴክኖሎጂ ተአምር አድርጎ ያወራዋል። ኮምፒዩተሩ ረድቷል፣ አዎ። እኔን ካመናችሁኝ ግን ዋናው ነገር የልጁን ጭንቀት ከመስኮቱ ማንሣታቸው ነው።

ወደ ሞያሌ፣ ወደ ኬንያ ድንበራችን ልውሰዳችሁ። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የዚያን ጊዜው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ ኬላውን መርቀዋል። አሠራሩ ያምራል፤ ከእኛ ወደ ኬንያ የሚሄድ መኪና እዚህ ሳይቆም አልፎ፣ እዚያ ማዶ የእኛና የእነሱ ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ባንድ ጊዜ ይጨርሱለታል። በአህጉሩ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ኬላ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር ላይ ቺሩንዱ የተከፈተው ነው፤ ቀናት ይቆሙ የነበሩ መኪኖች እዚያ በሰዓታት ማለፍ ጀምረዋል። የሞያሌም ሕንፃ አያሳፍርም። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ ከሞያሌ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ዛሬ አስፋልት ነው፤ የቀድሞ ሹፌሮች በታጣቂ ታጅበው አቧራ ሲበሉ ያለፉበትን ሲያወሩ የአሁኖቹ ተረት ይመስላቸዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ማንም በመድረክ ላይ አያነሣትም። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው፣ ኬንያ በግራ። ሹፌሩ ኬላውን ሲሻገር ዓለሙ ይገለበጣል። የእኛ ሰው ተጎታች ይወዳል፣ እዚያ ደግሞ የክብደትና የርዝመት ደንቡ ሌላ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ቦሎቄ ሞያሌ ላይ ከእኛ መኪና ይወርድና የኬንያ መኪና ላይ ይጫናል። ጫኝና አውራጆች ይጠቀማሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። የእኛ መኪና ግን የሚመልሰው ጭነት ካላገኘ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶውን ይመለሳል፤ ያን የመመለሻ ናፍጣ የሚከፍለው ቦሎቄው ነው። ቦሎቄው ናይሮቢ ሲደርስ ለምን ተወደደ ብሎ ታሪፍ የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ ኪስ እየፈተሸ ነው።

በዚህ መሐል ሹፌሮች በፍቅር የሚያወሩላት አንዲት የኮሜሳ ነገር አለች፤ ቢጫ ካርድ። የሦስተኛ ወገን መድን ናት። እዚህ ገዝተህ ጂቡቲ ወይም ኬንያ ውስጥ ሰው ብትገጭ ታገለግልሃለች። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለች ናት፣ መግለጫ አይሰጥባትም፣ ሪባን አይቆረጥላትም፣ ትሠራለች። ለምን ትሠራለች ብትሉኝ ማንም በእሷ ምክንያት ገቢ አያጣም፤ እንዲያውም የመድን ድርጅቱ ይሸጣታል።

ለኬንያ የምንሸጠው ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሱስዋ፣ ናይሮቢ አጠገብ ይገባል። ዲክላራሲዮን ተሸክሞ መስኮት ለመስኮት አይዞርም። ከባዱ ነገር የተጨረሰው አስቀድሞ ውሉ ላይ ነው፤ ኬላ ላይ የሚከራከር ሰው አልተተወም።

ስለ ዶላርም ብዙ ይባላል፣ በአጭሩ ልለፈው። የኬንያው ገዢ ሽልንግ ይዞ፣ የእኛው ሻጭ ብር ፈልጎ፣ መሐላቸው ዶላር ካልገባ አይገበያዩም። ኤልሲ (የባንክ መተማመኛ ሰነድ) ለመክፈት ባንክ ደጅ ወራት የጠና ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በየራስ ገንዘብ ለመክፈል የታሰበ አህጉራዊ የክፍያ ሥርዓት አክራ ላይ ተመርቋል፤ ሐሳቡ መልካም ነው።

ሞያሌ ላይ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ የጨረሱ አሉ። ጠዋት ጠዋት ድንበሩን በእግር የሚሻገሩት ሴቶች። ወዲያና ወዲህ አንድ ቋንቋ ነው፤ ቦረናው ከቦረናው በኦሮምኛ ይደራደራል፤ ሽልንጉም ብሩም እጃቸው ላይ ነው፤ ሳሙና ይመጣል፣ እህል ይሄዳል። ውህደቱን ከማንም ሚኒስትር ቀድመው አከናውነውታል። እኛ የምንጠራቸው ኮንትሮባንዲስት ብለን ነው። ሁሉም ንጹሕ ናቸው አልልም፤ በእነሱ ስም ሌሊት በጭነት መኪና የሚያሻግር ትልቅ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም አንዲት እናት ጀርባዋ ላይ ለያዘችው ካርቶን የናሙና ፊርማ የሚጠይቃት ሥርዓት፣ እሷን ወደ ሌሊቱ ሰው ይገፋታል እንጂ ወደ መስኮቱ አያመጣትም።

እንግዲህ ነጋዴ ከሆናችሁ ምክሬ ይኸው ነው። ሰርተፊኬቱን ዕቃው ከመጫኑ በፊት አውጡ፣ ፎቶውን አስቀድማችሁ ለአስተላላፊያችሁ ላኩለት፣ የፈራሚው ናሙና እዚህ መድረሱን ሳያጣራ መኪና አታስነሡ። ጋዜጠኛ ወይም የምክር ቤት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ማይክ ሲደርሳችሁ ስለ ታሪፍ አትጠይቁ። በዚህ ዓመት የቅርንጫፎቹ ዕቅድ ላይ በቅናሽ ስለሚያልፍ ዕቃ የተጻፈ ዓምድ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ መልሱን እሰማለሁ።