ቴሌቪዥን የማይጠግነው ልጄ

እኔ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሲባል ስልክና ቴሌቪዥን መጠገን ይመስለኝ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪው ልጄ ለእረፍት መጥቶ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን መጠገን ሲያቅተው፣ «ታዲያ ምን ስትማር ከረምክ?» ብዬ ሰው ፊት አሳፈርኩት። ዝም አለ።

ማታ የዕድራችንን መዝገብ ተቀብሎኝ የአባላቱን ስምና ክፍያ በላፕቶፑ እያስገባ አመሳከረው። «አልከፈለችም» እያልን ስናማት የከረምናት ያችው ጎረቤቴ ከፍላ ኖሯል፤ የተጻፈው ሌላ ገጽ ላይ ነበር። «እማዬ፣ ዳታቤዝ የምንማረው ለዚህ ነው» አለኝ።

ለካ ፕሮግራም መጻፍና ኔትወርክ መዘርጋትም ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪውን ለማግኘት በመውጫ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት።

ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁን ስደውልለት «መቼ ትመረቃለህ?» ማለቱን ትቼ «ዛሬ ምን ተማርክ?» እለዋለሁ። ወላጆች፣ እስቲ እናንተም ሞክሩት።