ከዜናው በፊት የሚቆረጠው ሙዚቃ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ አድማጭ «ክላሲካል» ሲል የሚያስበው ሞዛርትን ወይም ቤትሆቨንን አይደለም፤ ድምፃዊ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወተውን ሙዚቃ ነው። በዋሽንት የተነፋ ትዝታ፣ በክራር የተመታ ባቲ፣ በሳክስፎን ወይም በኪቦርድ የተደገመ የታወቀ ዘፈን፣ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኃይሉ መርጊያ ካሴት አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ይዞ ሳለ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» መባሉም በዚሁ የአገር ቤት አጠራር ነው። ይህ ሙዚቃ በሬዲዮ አዘውትሮ የሚሰማው ማለዳ ነው። ጣቢያው ሥርጭት ሲከፍት፣ ዜና እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ሲተርፍ፣ አቅራቢው የዕለቱን ርዕስ ሲያስተዋውቅ ይገባል። እስከ መጨረሻው የሚሰማበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ሻሸመኔ ይህን ለመታዘብ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ባሌ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩባት የንግድ ከተማ በመሆኗ ቀኗ ገና ከንጋቱ በፊት ይጀምራል። ድንች የጫነው አይሱዙ፣ መናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠራው ሚኒባስ፣ ከአቦስቶ ወደ መሐል ከተማ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም ሬዲዮ ይከፍታል። ባለሱቁ መዝጊያውን ሲያነሳ መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥሎ ሬዲዮውን ያበራል። በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ጉራጊኛ አንድ ላይ ይሰማሉ። ዘፈን ከሆነ የአንዱ ቋንቋ ሌላውን ሊያገልል ይችላል፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ለማለዳ ክላሲካል የሚቀርብ ክርክር ካለ ከዚህ የበለጠ ጠንካራ አይገኝም። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ በተሰጠ መሬት ላይ የሰፈሩት የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች በሚኖሩበት ጃማይካ ሰፈር ደግሞ ማለዳውም የሬጌ ነው፤ ያ ሌላ ወግ ነው።

የሚሰማው ምን ይሁን ከማለት በፊት ምን ይደርሳል ማለት ይቀድማል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥታ መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ የምድር ክብነትና ተራራ ይገድበዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመ ማሠራጫ በአቅራቢያው ማስተላለፊያ ካልተተከለለት ሻሸመኔን አያገኛትም። ስለዚህ ከተማዋ የምታደምጠው በዋናነት ቅርብ ያለውን ነው፦ የፋና ኤፍ ኤም 103.4ን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ሐዋሳም የሚሻገረውን 100.9ን። የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ነገር ለየት ይላል። ሌሊት የሰማዩ ላይኛው አየር ሞገዱን ወደ ምድር ስለሚመልሰው የሩቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ዝቅ ያለው የአየር ንብርብር በብርሃኑ ኃይል ይለወጥና የመካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ንጋት ላይ የተከፈተ ጣቢያ አንድ ሰዓት ሲሆን እየደከመ፣ እየተንሿሿ የሚሄደው በዚህ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሬዲዮኑ ተበላሸ ብሎ በመዳፉ ይመታዋል፤ ጥፋቱ ግን የፀሐይዋ ነው።

በስልክ የሚያዳምጠው ወጣት የራሱ ችግር አለው። በስልክ ውስጥ ያለው ኤፍ ኤም የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ስለሚጠቀም ገመዱ ሲነቀል ዝም ይላል፤ ሰውዬው ሲራመድም ድምፁ ይዋዥቃል። ለስላሳ የክራር ምት ለዚህ ሁሉ የተጋለጠ ነው። ሞገዱ ደካማ ሲሆን ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ መለወጥ የሚንሿሿውን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን የሚያውቅ አድማጭ ግን ብዙም አይገኝም።

የሚጫወት ጠፍቶ ነው እንዳይባል የመሣሪያ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። ሬዲዮ በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. በይፋ ሲመረቅ እነ ኬቮርክ ናልባንዲያን የመሯቸው የማርሽ ባንዶች ከተቋቋሙ ቆይተው ነበር። በካይሮ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የቫዮሊን መምህር የነበረው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክቡር ዘበኛን ሙዚቀኞች አሠልጥኗል። እማሆይ ራሳቸው በፒያኖ ያስቀረጿቸው ሥራዎች ዛሬ በዓለም ይደመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው ያረፉት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» በተሰኘው ሥራው የገጠሩን ዜማ ወደ ኦርኬስትራ አሻግሯል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቷል። ከያሬድ ተነሥቶ ሶፍያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ቅኝቶቹን ለፒያኖ አዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ በማለዳ ሬዲዮ ደጋግሞ የሚሰማው ጥቂት የኪቦርድ ቅንብር መሆኑ ያስቆጫል።

የኤፍ ኤም ዘመን የማለዳውን መልክ ቀይሮታል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ፤ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ተከተለ፤ ፋናም በክልል ከተሞች ጣቢያዎችን ከፈተ። ቀድሞ በዜማ ተከፍቶ፣ በዝግታ ወደ ዜና የሚሸጋገረው ሥርጭት በቀጥታ ወሬ፣ በስልክ መስመር፣ በስፖርትና በትራፊክ መረጃ ተሞላ። አድማጩ ያተረፈው ብዙ ነው፤ መሣሪያው ግን ከንግግሩ ሥር ገባ። ዛሬ ክላሲካል ማለት በብዙ ጣቢያ አቅራቢው የሚያወራበት ምንጣፍ ነው።

የአድማጭ ቅሬታም ከዚሁ ይነሣል። ዋሽንቱ መግቢያውን ጨርሶ ዜማው ሊዘረዝር ሲል ድምፁ ዝቅ ይደረጋል፣ «እንደምን አደራችሁ» ይከተላል። አቅራቢው ተናግሮ ሲያበቃ ድምፁ መልሶ ከፍ ይልና ሦስት ሰኮንድ ሳይቆይ ማስታወቂያ ይገባል። ከመቆረጡ የሚብሰው ግን ስሙ አለመነገሩ ነው። ዘፋኝ በድምፁ ይታወቃል፤ ዋሽንት ነፊው፣ መሰንቆ መቺው ስሙ ካልተጠራ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አንድን ቁራጭ ለዓመታት የሰማ ሰው ማን እንደተጫወተው ሳያውቅ ይኖራል፤ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ለመጠየቅ እንኳ ማፏጨት ሊኖርበት ነው። ሌላው ችግር የጩኸት ነው። ጣቢያዎች በመኪና ውስጥ እኩል እንዲሰማ በማሰብ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ለዜናና ለማስታወቂያ ይህ ይበጃል። ሕይወቱ በመክሰምና በመጉላት ላይ ለቆመ ሙዚቃ ግን ደልዳላ፣ ድካም ያለበት ድምፅ ያተርፍለታል።

ከሙዚቃው ጋር የተያያዘ ሥጋትም አለ። በብሔራዊ ሐዘን ቀናት ጣቢያዎች ዘፈን አቁመው በመሣሪያ የተቀነባበረ ቀዝቃዛ ዜማ ያሰማሉ፤ ፓትርያርኩና ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀናት ልዩነት ባረፉበት በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የነበረው ድባብ ከብዙ ሰው ጆሮ አልጠፋም። ስለዚህ ማለዳ ረዘም ያለ የዋሽንት ድምፅ ከተሰማ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጎረቤቱን የሚጠይቅ አይታጣም። አቅራቢዎች ለስለስ ያለውን ትተው ሞቅ ያለውን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚሰማው በገና ግን አያስደነግጥም፤ ወቅቱን ሁሉም ያውቀዋልና።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የቢቢሲ ሦስተኛው ሬዲዮ ለክላሲካል የተለየ ጣቢያ ሆኖ ሳለ በቁርስ ሰዓት ፕሮግራሙ ወሬ አበዛ፣ ሙሉውን ሥራ ትቶ ቁራጭ ያሰማል ተብሎ ሲወቀስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው ክላሲክ ኤፍ ኤም ደግሞ ቁራጭ ማሰማትን ከመነሻው ሥራው አድርጎት ብዙ አድማጭ አገኘ። አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ሲምፎኒ ጫማ እያሰሩ የሚያዳምጡት አይደለም። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ አድማጭ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው የዋሽንት ወይም የክራር ጨዋታ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ ስለማያልፍ ሙሉውን ማሰማት ሰዓት አይበላም።

ታዲያ ለምን አይሰማም? ብዙ የማለዳ ፕሮግራሞች የሚዘጋጁት የአየር ሰዓት በገዙ ተባባሪ አዘጋጆች ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰሩም ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል። ዝም ተብሎ የሚደመጥ አራት ደቂቃ በዚህ ሒሳብ ባዶ ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ግን ልማድ ነው፦ ክላሲካል ክፍተት መሙያ ተብሎ ስለተመደበ ከኮምፒዩተሩ የሚመዘዘው ፋይል ላይ የተጫዋቹ ስም እንኳ አይጻፍበትም።

አድማጩም የራሱን መላ ዘይዷል። የረጅም መንገድ ሾፌር በፍላሽ ያስጫነውን የመሣሪያ ሙዚቃ ይዞ ይወጣል፤ ለዜና ብቻ ወደ ሬዲዮ ይመለሳል። ወጣቱ ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ያወርዳል፤ እዚያ የተጫዋቹ ስም አብሮት ስለሚመጣ ከሬዲዮ ያላገኘውን እያገኘ ነው። አረጋውያኑና ባለሱቆቹ ግን አሁንም ሬዲዮውን ይከፍታሉ። ከእነሱ ጋር የሚደረገው ድርድር ርካሽ ነው፦ ከዜናው በፊት ያለውን አንድ ቁራጭ ሳይነኩ ማሳለፍ፣ ሲያልቅም የተጫወተውን ሰው ስም መጥራት። ስሙን ለመጥራት አምስት ሰኮንድ ይበቃል።