ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ያስተምር

ልጅ ማስተማር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የደብተር መግዣውን፣ የደንብ ልብሱንና የጠዋት ቁርሱን ነው። የቀረውን ለመምህሩ ትተን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። የትምህርት ቤቱ በር የተዘጋ ዕለትስ ምን እናደርጋለን?

ይህ ጥያቄ የሁላችንንም ቤት ያንኳኳው መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነበር። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጊዜው አንደኛ ክፍል የነበረችውን ልጄን ይዤ ላስተምር ተነሣሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የሚዘልቅ ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን እኔ ጮህኩ፣ እሷ አለቀሰች፤ ፕሮግራሙም ተቀዶ ወደቀ።

ላሊበላ ለምትኖረው እናቴ ስልክ ደውዬ ሳማርር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተይ ልጄ» አለችኝ። እናቴ የቀን ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። «እኛ የተማርነው በቀን አንዲት ሰዓት ነው። ግን ቀርታ አታውቅም» ስትል ምስጢሩን ነገረችኝ።

ምክሯ ይበልጥ የተፈተነው እዚያው ላስታ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ ወገን እጅ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆየች። መብራትና ስልክ ተቋረጡ፤ የመስከረሙ የትምህርት መክፈቻም ቀረ። ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ በ2016 እና በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

ከትምህርት የራቀ ልጅ ባለበት አይቆምም፤ የተማረውንም ይረሳል። ወንዱን ከብት ጥበቃ ወይም የጫማ ማስዋቢያ ሣጥን፣ ሴቷን ውኃ መቅዳትና ከዚያም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይወስዳቸዋል። በየቀኑ መጽሐፍ የምትገልጥ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በቤተሰቧ ዓይን ተማሪ ናት። አንዲቱ ሰዓት ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው።

እናቴ በእነዚያ ወራት የወንድሜን ልጆች ያስተማረችበትን መንገድ ስልክ ሲመለስ አጫውታኛለች። እኔ ከሞከርኩት ጋር አዋሕጄ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ሰዓት ቁረጡ። ሠራተኛ እናት ከእራት በፊት ያለውን ጊዜ ልትመርጥ ትችላለች። ለትንንሽ ልጆች 20 ደቂቃ ንባብ፣ ጥቂት ዕረፍት፣ ከዚያም 20 ደቂቃ ሒሳብ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከሚያውቀው ጀምሩ። ያለፈውን ዓመት መጽሐፍ አስነብቡትና የሚደናቀፍበትን ቦታ አስተውሉ፤ የነገው ትምህርት ከዚያ ይነሣል።

ሦስተኛ፣ ልጁ በቃሉ ይዞት እንዳያታልላችሁ። የአብነት ትምህርት ቤት የኔታዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ከቆጠረ በኋላ ወደ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ያሻግሩታል። በዚህ ጊዜ ተራው ስለሚለወጥ ልጁ ፊደሉን በዜማው ሳይሆን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። እናንተም ከገጹ መካከል አንድ ፊደል ወይም ቃል እየነካችሁ ጠይቁት።

አራተኛ፣ ሒሳቡን ከጓዳ አውጡ። ሽምብራ በ10 በ10 እየከመሩ መደመርና ማባዛት ይቻላል። «100 ብር ይዘሽ የ65 ብር ዕቃ ብትገዢ ስንት ይመለስልሻል?» የሚለውን ጥያቄ ገበያ ስትሄዱ እንኳ መጠየቅ ይቻላል።

ማንበብ የማትችል እናትም አትፈር። ልጇ ጮክ ብሎ ሲያነብ አዳምጣ «ከዚያስ? ለምን?» ብትለው ያነበበውን በራሱ አንደበት መልሶ ይተርክላታል። ሦስት አራት ጎረቤታሞች ደግሞ ቡና ላይ ተነጋግረው ልጆቻቸውን ቢያሰባስቡ፣ አንዷ በንባብ፣ ሌላዋ በሒሳብ ሸክሙን ይካፈላሉ። ታላላቆቹ ልጆችም ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። በአካባቢው መምህር ካለ፣ አልፎ አልፎ ደብተሮቹን እንዲያይላቸው መጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ቤት ትምህርት ቤትን ይተካል ማለታችን አይደለም። ልጅ መምህርና የክፍል ጓደኞች ያስፈልጉታል። ስለሆነም በሩ በተከፈተ ዕለት ልጆቻችንን ሳናዘገይ መመለስ ይገባናል፤ በተለይም ሴቶቹን «ትንሽ ታግዘኝ» ብለን ቤት አናስቀራቸው።

የወንድሜ ትልቋ ልጅ ትምህርት ሲከፈት የተመለሰችው ጫፉ በኩራዝ ጭስ የጠቆረ መጽሐፏን ይዛ ነበር። መምህሯ አንብቢ ሲሏት አነበበች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።