ቲማቲሙን ዓይን በላው?



አምና እንዲያ ያፈራ ቲማቲም ዘንድሮ በዚያው መደብ ላይ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ጠውልጎ ሲወድቅ «ዓይን በላው» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ዓይን እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጎረቤትን ከመጠርጠራችን በፊት ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጠን በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እናቁመው። ከደቂቃዎች በኋላ ወተት የመሰለ ክር ከወረደው ጥፋተኛው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው።

ይህ ባክቴሪያ ድንችን፣ ቃሪያንና ደበርጃንንም ያጠቃል፤ ከቲማቲም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና። ስለዚህ ቲማቲም በነበረበት ድንች መትከል ማፈራረቅ አይባልም፤ በሽታውን መቀለብ ነው።

ጓሯችንን አራት መደብ እንክፈለው። ባቄላ ወይም ፎሶሊያ በነበረበት በዓመቱ ጎመን፣ ጎመን በነበረበት ቲማቲምና ቃሪያ፣ በእነርሱ ቦታ ቀይ ሽንኩርትና ካሮት፣ ከዚያ ተመልሶ ባቄላ ይተከላል። ቲማቲም ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለሰው በ5ኛው ዓመት ነው ማለት ነው። ጎመንን ከባቄላ ያስከተልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በባቄላ ሥር ላይ የሚታዩት ትናንሽ እባጮች ከአየር ናይትሮጂን ይይዛሉ፤ ጎመን ደግሞ ይህን አጥብቆ ይፈልጋል። ስለዚህ ባቄላውን ስናነሳ ግንዱን ቆርጠን ሥሩን እንተወው።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው ነው። የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ በሽታው የታየበት መደብ ላይ የሽንኩርት ዘር የሆነ ሁሉ አይመለስ።

የጠወለገውን ቲማቲም ከነሥሩ ነቅለን ከጓሮው እናርቀው፤ ፍግ ውስጥ አንጣለው። ውሃ ስናጠጣም ከታመመው መደብ ወደ ጤነኛው እንዳይወርድ ቦዩን እንለየው።