ኑግ፤ የዘመነ ጽጌ ሰብል

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን፥ ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆሙበት ወራት፥ በጎጃም፥ በጎንደር፥ በወለጋና በሸዋ የሚያልፍ መንገደኛ ከአደይ አበባ ቀጥሎ ሜዳውን ወርቅ አልብሶ የሚያገኘው ተክል ኑግ ነው። ሁለቱ ከሱፍ ጋራ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ነገር ግን አደይ የዘመን መለወጫ ጌጥ ሆኖ ሲወደስ፥ የጾመኛውን ወጥ የሚያቀናው ኑግ ከሌላው ሰብል የተረፈ መሬት ይጣልለታል። ይህ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኑግ ትውልዱ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን፥ ሜጭ የሚባለው የዱር ዘመዱ ዛሬም በየማሳው ዳር ይበቅላል። በጥንት ዘመን ወደ ህንድ ተሻግሮ፥ በዚያም ራምቲል ተብሎ ይዘራል። የዕፅዋት ሊቁ ፈረንሳዊ ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1829 ጊዞቲያ አቢሲኒካ ብሎ ሲመዘግበው፥ የትውልድ አገሩ ስም ከነክብሩ ቀረለት።

አበባውን ቀርቦ ለተመለከተው፥ አንድ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው፤ በዙሪያው 8 ያህል ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ተዘርግተው፥ መካከሉን ከ40 የማያንሱ ደቃቃ አበቦች ይሞሉታል፤ ፍሬ የያዘችውም እያንዳንዷ አንዲት ጥቁር አንጸባራቂ ዘር ትሰጣለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፥ የአንዱ ተክል ብናኝ በዚያው ተክል አበባ ላይ ቢወድቅ ዘር የማያስይዝ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ካልተመላለሰች፥ ያ ሁሉ ወርቅ ያለ ፍሬ ይረግፋል። ንቧም ድካሟን በከንቱ አታደርግም፤ በጥቅምትና በኅዳር ከቀፎ የሚቆረጠው ማር ብዙው ከኑግ የተቀሰመ ነው።

አዘራሩ ብዙ ልፋት አይጠይቅም፤ ገበሬው በሰኔ ወይም በሐምሌ አንድ ሁለት ጊዜ ያረሰውን መሬት፥ ለሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር በትኖ ይተወዋል። ሌላው አዝርዕት ውኃ ሲተኛበት በሚበሰብስበት የዋልካ መሬት፥ ኑግ በሥሩና በግንዱ ውስጥ ባሉት የአየር መተላለፊያዎች እየተነፈሰ ክረምቱን ይሻገራል፤ በማግስቱ ዓመት በዚያ መሬት የሚዘራው እህል ደግሞ ባማረ ሁኔታ እንደሚበቅል ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል። የሚያስቸግረው አጨዳው ነው፤ አበቦቹ በአንድነት ስለማይደርሱ፥ ቶሎ ያጨደ እሸቱን ያጣል፥ የዘገየም ዘሩ ይረግፍበታል።

የታጨደው ኑግ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው ጾመ ነቢያት በያዘ ጊዜ በመሆኑ፥ ቅቤ ከማዕድ በተነሣበት ወራት ዘይቱ በሰዓቱ ይደርሳል። እናቶቻችን ዘሩን በምጣድ አመስ አመስ አድርገው፥ ሽታው ቤቱን ሲሞላ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያም ፍል ውኃ እያፈሰሱ ሲያማስሉት፥ ወርቃማው ዘይት ቀስ በቀስ ከላይ ይንሳፈፋል፥ እርሱንም በጭልፋ ይገፍፉታል። የደቀቀው ኑግ ከጨው ጋራ ጭብጦና ልጥልጥ ሆኖ ይበላል። በመጭመቂያ ቤት ደግሞ ከዘሩ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ሲሆን፥ የተረፈው ፋጉሎ ለሚደልብ በሬና ለምትታለብ ላም ይሸጣል።

ከዚህም አልፎ ዘሩ ለአሜሪካ ወፎች ቀለብ ሆኖ ይላካል፤ ሆኖም ሥር አልባ፥ ክር መሰል የሆነው ጥገኛ አረም ዘሩ ከኑግ ጋራ ተደባልቆ እንዳይገባባቸው፥ አሜሪካውያኑ በሙቀት ካልመከነ ኑጉን አያስገቡትም። የእኛ ገበሬ ግን ያን አረም ከማሳው የሚነቅለው በእጁ ብቻ ነው። ለኑግ ፎገራ፥ ኩዩና ሻምቡ የተባሉ የተመረጡ ዝርያዎች ወጥተውለታል፤ ንብ ግን የአንዱን ማሳ ብናኝ ከሌላው ስለምታደባልቅ፥ ንጹሑን ዝርያ ጠብቆ ለገበሬው ማድረስ ለብቻው የተከለለ ማሳና በየዓመቱ የሚታደስ ዘር ይፈልጋል።